ከኾሩ ማዶ የመለሰው ጥሩምባ

ሾፌራችን ሞላ ከአሶሳ ከተነሳን ጀምሮ አንድ ወሬ ይዞ አልለቅ አለ። ከኩርሙክ ማዶ፣ ሰው ጥሎት በሄደ መንደር ውስጥ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ ጥሩምባ ይነፋል። አንዴ ይነፋና ዝም ይላል፤ ጠርቶ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ሆሞሻ ላይ ለጎማ ጠጋኙ ነገረው። ኬላው ላይ ለፈታሹ ነገረው። ፍየል የሚነዳ ሽማግሌ መንገድ እስኪለቅልን ፍሬን ይዞ ሲጠብቅ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለእሱም ሊጀምርለት ሲል፣ ፍየሎቹ እንኳ ይቅርባቸው አልኩት።

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ የሰማሁትን ነው" አለ። ሞላ ፓዌ የተወለደ የሰፋሪ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከወሎ ይዘውት የመጡትን አነጋገር ከነዜማው ወርሷል። "የነገረኝ ሰውዬ በገዛ ጆሮው የሰማ ነው። መንደሩ ውስጥ ዶሮ እንኳ የለም አለኝ። ግን ይነፋል።"

"ታዲያ ማነው የሚነፋው?"

"እሱን እኮ ነው የምልሽ።"

ይህ የሆነው በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ማሽላ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ነው። ሱዳን እርስ በርሷ መታኮስ ከጀመረች ወራት አልፈው ነበር፤ በኩርሙክ በኩል የሚገባው ሰው አህያውንም፣ ፍራሹንም፣ አልጋውን ፈቶ ብረቱንም ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። እኛ ደግሞ በአይሱዙ፣ ሰው ሁሉ ከሚሸሽበት ወደዚያው እንነዳ ነበር። ጭነታችን ዙምባራ ነው።

ዙምባራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር፤ የሚያውቅ ይለፈው። የቅል አንገት በቅል አንገት ላይ እየተሰካ የሚሠራ ጥሩምባ ነው፤ ትልቁ ሰው ያህላል፣ ትንሹ ክንድ ያህላል። አንዱ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ብቻውን ዜማ አይሆንም። አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ሌላው ይጨርስለታል፤ ዐሥራ ሁለቱ ተቀባብለው አንድ ዜማ ይወጣቸዋል። የነፊዎቹ ታላቅ ዓሚ ኢዘዲን ያለው ግን ዐሥራ አንድ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛዋ፣ ትንሿ፣ ከማዶ ናት። ዜማው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ክፍት ሆኖ ያልፋል።

ዓሚ አጎቴ ማለት ነው፤ አጎቴ ባይሆንም የመንጌ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ትንሿን የያዘው የእሱ ታናሽ ወንድም ሐምዳን ነው። በደርግ ጊዜ ድንበሩ ላይ ተኩስ ሲጠና ሁለቱም ሸሽተው ነበር፤ ኢዘዲን ተመለሰ፣ ሐምዳን እዚያው ኡም ሸጀር በምትባል መንደር አግብቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ እህል ከገባ በኋላ፣ ኢዘዲን ዐሥራ አንዱን ይዞ ኾሩ ዳር ይቆማል። ኾር ማለት በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ አሸዋ ብቻ የሚሆን ወንዝ ነው፤ ድንበሩ እሱ ነው። ሐምዳን ከማዶ ትንሿን ይነፋል። አንዱ ዜማ ሁለት አገር ላይ ቆሞ ይነፋል ማለት ነው፤ ፓስፖርት የጠየቀውም የለም።

በሰኔ ሐምዳን በአንድ ወርቅ ነጋዴ በኩል ቃል ልኮ ነበር። ሁሉም እየሸሸ ነው፣ እኔ ግን ጥሩምባዎቻችንን ሳልሰማ አልሻገርም አለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ኢዘዲንም እህሉ እስኪገባ ጠብቆ ተነሳ፤ ያለወቅቱ ዙምባራ አይፈታማ። ኾሩ ዳር ነፍቼ ከመለሰልኝ በሕይወት አለ፣ ሄጄ አመጣዋለሁ አለ። ካልመለሰ ዙምባራውን እዚያው አስሬ ሁለተኛ አልፈታውም። ከመንጌ አብረውት መጥተው ከኋላ የተሳፈሩት ነፊዎች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው በጭነቱ ላይ ቀልድ የሌለው።

የሞላን ወሬ እንደ መልካም ዜና የሰማው እሱ ብቻ ነው። "ሰው የለም ይላሉ" አለ በዚያች ለገበያ በተማራት አማርኛው። "ሐምዳን አለ እንጂ። ሐምዳን ሰው አይደለም?"

መኪናው ፈጠን ሲል ግን እኔንም አልተመቸኝም። ጥሩምባዎቹ አፋቸው ወደፊት ዞሮ ተጭነው ስለነበር ነፋሱ እየገባ ያስጮኻቸው ጀመር፤ ማንም ሳይነፋቸው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደታመመ ከብት። ኢዘዲን ሞላን አስቆመውና ከመንገድ ዳር ደረቅ ሣር አጭዶ የእያንዳንዱን አፍ ወተፈው። ያልተጠየቀ ጥሩምባ መናገር የለበትም። በእጁ እየወተፈ ለመምህር ያብስራ አስረዳው፦ ባለቤቱ የሞተበት ጥሩምባም እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አፉ በሣር ይወተፋል፣ የቤቱ ታላቅ በእጁ እስኪያወጣለት ድረስ ለማንም አይታይም።

መምህር ያብስራ ከእኔ አጠገብ ጋቢና ውስጥ ነበር። ከባሕር ዳር ተመድቦ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ጥናቱ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ኪነ ጥበብ ማነጻጸር ነው፤ እኔን የቀጠረኝ በርታኛውንም ዐረብኛውንም እንዳስተረጉምለት ነው። እሱ ሁለት ዲግሪ አለው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ዐረብኛ የለቀምኩት ከኦምዱርማን ሬዲዮ ነው፤ አንድም ሰው ተነሺ ቁጭ በይ ብሎኝ አያውቅም። ሥራውን በስልኩ ላይ ለሁለት ከፍሎ ነበር የያዘው፤ በቀኝ ኢትዮጵያ፣ በግራ ሱዳን። በኢትዮጵያ በኩል መጀመሪያ የጻፈው መሲንቆ ነው። መሲንቆ አሶሳ የደረሰው ከእናንተ ጋር በአውቶቡስ ነው አልኩት። አልተቆጣም፤ ስቆ አጠፋው። በዚህ ምክንያት ብቻ ነው እስከ ማታ የታገሥኩት።

እውነቱን ለመናገር ጆሮው ጥሩ ነው። ከስደተኞች ስልክ ላይ የማዶውን ዙምባራ ቅጂ ሰብስቦ ነበር፤ እነሱ ዋዛ ይሉታል። ቅሉ አንድ፣ አሠራሩ አንድ፣ ዜማው አንድ። ልዩነቱ ትንፋሹ ላይ ነው ይላል። የእኛ ሰዎች ድምፁን ቆርጠው ይጥሉታል፤ የማዶዎቹ እንደ ኦምዱርማን ዘፋኞች መጨረሻው ላይ ይጎትቱትና ዝቅ አድርገው ይለቁታል። ጎረቤት ከጎረቤቱ የተማረው እዚህ ላይ ነው አለ። ዓሚ ኢዘዲን ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፦ ሐምዳንም ከጊዜ በኋላ እንዲያ መጎተት ጀምሯል፣ ሚስቱ አስተምራው ነው።

ኩርሙክ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። በኾሩ ዳር የነበረው ሃምሳ አለቃ ነገራ የሚባል የባምባሲ ሰው ነው፤ ኢዘዲንን ቆሞ ተቀበለው። መንፋት ትችላላችሁ፣ መሻገር ግን የለም አለ፤ የሚመጣ ይመጣል እንጂ ከዚህ የሚሄድ የለም፤ ማዶ ማን እንዳለ እኔም አላውቅ። ኢዘዲን እሺ ብሎ ሣሩን ከየአፉ አወጣ፣ ገመዱን ፈታ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዙምባራው ተፈቷል።

ሲፈታ ደግሞ ሕግ አለው። ጠብ አይነሳም፣ ሕመም አይነሳም፣ ሞት አይነገርም፤ ሁሉም ነገር ጀንበር ገብታ ጥሩምባዎቹ ሲታሰሩ ይደርሳል። በእኛም በማዶም ያው ነው። ጀንበር ከገባች በኋላ ደግሞ ፈትቶ መያዝ ነውር ነው።

ነፊዎቹ ጥላ እስኪወርድ ሲያርፉ፣ ያብስራ በዕለቱ የገቡትን ስደተኞች ማንጎ ዛፍ ሥር ያነጋግር ጀመር። ብኸይታ ለምትባል ሴት ተራ ደረሳት። ዕድሜዋ ሃምሳ ይሆናል፣ ገላዋን የጠቀለለችበት ቶብ ከአቧራው በፊት ብርቱካን ነበር። ከኡም ሸጀር ነኝ አለች። ጀርባዋ ላይ በነጠላ የታዘለ ሕፃን ነበራት፤ እስከ ማታ ሲያለቅስ አልሰማሁም። የጦርነት ልጅ ነው፣ ማልቀስም ይረሳል ብዬ አለፍኩ።

ያብስራ ስለ ቶብ ጠየቀ፣ ስለ ሂና ጠየቀ፣ ሙሽራ ስትጨፍር ማን ያያታል ብሎ ጠየቀ። እሷም ደክሟት እያለ ጥርሷ ወጣ፦ "ሰርግ ሰርግ የሚለው ልጅ ሚስት የለውም እንዴ?" አለችኝ በዐረብኛ። የለውም አልኳት። ፈልጊለት አለች። ዳማዚን ላይ ሰርግ ሲሆን የሐበሻ ዘፈን ሲከፈት ቃሉን ማንም አያውቀውም፣ ትከሻ ግን ራሱን ይዞ ይሄዳል አለች። እኔም መንጌ ላይ የሱዳን ዘፈን ያልተከፈተበት ሰርግ ሰርግ እንደማይባል ነገርኳት። ገንፎው ያው፣ ባሚያው ያው። ያብስራ በሁለቱም በኩል አንድ ቃል እየደገመ ሲጽፍ አየሁትና፣ ይኸው ድንበርህ አለቀ አልኩት።

ከዚያ፣ ኡም ሸጀር ውስጥ ዋዛ ነፊ ቀርቶ እንደሆነ ጠየቃት።

ፊቷ ተዘጋ። ወደ ነፊዎቹ ተመለከተች፤ ጥሩምባዎቹ ተፈትተው ግንድ ተደግፈዋል። "ያ ቢቲ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ "ሲታሰሩ ጠይቁኝ።"

ቃል በቃል ተረጎምኩለት። ሕጉን ጠባቂ ሴት ናት አለ ያብስራ፣ በአክብሮት። እኔም እንዲያው መሰለኝ። ሲፈታ የማይነሳው ነገር ብዙ ነው። እሷም ተነስታ ሄዳ ከነፊዎቹ ጀርባ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ውሃ ሲታደል አልተነሳችም፤ ድንኳን ለመቀበል ሲጠሩም አልተነሳችም። ዓይኗ ኢዘዲን ላይ ነበር። የሚታሰርበትን ሰዓት ትጠብቃለች።

ፀሐይዋ ከማዶው ኮረብታ በላይ ክንድ ያህል ስትቀራት ነፊዎቹ ቆሙ።

የመጀመሪያው ዙር አለፈ፤ የትንሿ ቦታ ላይ ሲደርስ ዝም። ኢዘዲን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስደተኛው ሁሉ ዕቃውን አስቀምጦ ቆመ። ሁለተኛው ዙር እዚያች ቦታ ላይ ደረሰ፤ ከማዶ ትንሿ ገባች።

ቀጭን ናት፣ ሩቅ ናት፣ ግን ጊዜዋን አልሳተችም። ነፊዎቹ ዜማውን ሳያቋርጡ ተያዩ። ሞላ ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ መጣ።

ኢዘዲን ዙሩ እንዳለቀ ጥሩምባውን አወረደና እንደቆመ ቀረ። ሐምዳን ነው አለ። ያብስራ ግን ጠጋ ብሎ፣ ሰው ሊያስከፋ እንደማይፈልግ ሰው፣ የገደል ማሚቶ ሊሆን ይችላል አለ። ኮረብታው ፊት ለፊት ነው፣ የእናንተኑ ድምፅ ይመልሳል። ያለው ውሃ ያነሳል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እንዲያ እል ነበር።

"እንሞክር" አለ ራሱ ያብስራ። "ማሚቶ የሰጡትን ነው የሚመልሰው። ድምፃችሁን ቆርጣችሁ ንፉ። ቆርጦ ከመለሰ ኮረብታው ነው። ጎትቶ ከመለሰ ሰው ነው።"

ተረጎምኩ። ዓሚ ኢዘዲን በያብስራ ያን ጊዜ ተማመነ፤ ስልኩ ላይ የማዶውን ቅጂ አንድ ጊዜ አስከፍቶ ሰማ፣ ከዚያ ነፊዎቹን አቆመ። እንጨት በመጥረቢያ እንደሚቆረጥ ቆርጠው ነፉ። ቦታዋ መጣ።

ከማዶ ትንሿ ገባች፣ ተጎተተች፣ መጨረሻዋ ላይ ዝቅ ብላ ወረደች። እንደ ኦምዱርማን ዘፋኝ።

የያብስራ ፊት በራ። አልፈርድበትም፤ ስንት ወር የለፋበት ነገር ከአየር ላይ ወርዶ ትክክል ነህ ሲለው ማን አይደሰትም። "የማዶው አነፋፍ ነው" አለ። "ማሚቶ አይደለም፣ ዓሚ። የተማረ ሰው ትንፋሽ ነው።"

እኔ ግን ዞር ስል ብኸይታን አየሁ። ተነስታ ቆማለች። ሁለት እጇን ወደኋላ አድርጋ ያዘለችውን አጥብቃ ይዛለች፤ ዓይኗን ከማዶ አትነቅልም። ወንድሙን ያገኘ ሰው አይታ የራሷ ሰዎች ትዝ ብለዋት ነው አልኩ።

ኢዘዲን ትልቁን ጥሩምባ፣ እናቲቱን፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ አሸዋው ወረደ። ነገራ ሮጦ ክንዱን ያዘው። "አባ ኮ፣ ተነጋገርን እኮ" አለ፤ አባቴ ማለቱ ነው።

"ልጄ" አለ ኢዘዲን፣ "እኔ አገር አይለውጥም። ወንድም ነው የምጠራው። ጥሩምባ አንድ ነው። መሬት ነው ሁለት የሆነ።"

ነገራ አልለቀቀውም ነበር። ግን ያኔ ትንሿ ማንም ሳይነፋላት፣ ሳትጠየቅ፣ ከማዶ አንድ ጊዜ ጮኸች። ሰው ሁሉ አንገቱ ወደዚያ ዞረ፣ ነገራም ዞረ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር፤ ሽማግሌው የኾሩ መሃል ደርሷል። ሁለት ወታደሮች ሊከተሉት ሲሉ ነገራ አስቆማቸው፤ ወንዙን በመሣሪያ ከተሻገርን ሌላ ነገር ነው አለ። ኢዘዲን ወደኋላ ሳይዞር ለነፊዎቹ ተጣራ፦ ጀንበር ስትገባ እሰሩ፣ እኛን አትጠብቁ።

ማዶውን ወጥቶ ቁጥቋጦው ውስጥ ከገባ በኋላ የምናውቀው በጆሮአችን ብቻ ነው። እናቲቱ ትነፋለች፤ ትንሿ ትመልሳለች። ጥቂት ቆይቶ እናቲቱ ራቅ ብላ ትነፋለች፤ ትንሿ ትመልሳለች። ሞላ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ "ኢንዓም" አለኝ፣ "እየቀረባት ነው?"

እኔም ያንኑ እያደመጥኩ ነበር። እሱ በሄደ ቁጥር እሷም ትሄዳለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ሰው ሌላውን በእጁ ይዞ ሳይሆን በድምፅ እየመራ ሲወስድ እንደሚሆነው። ለያብስራ ነገርኩት። የነፋሱ አቅጣጫ ነው አለኝ፤ ስልኩን ግን ኪሱ ከተተው።

ፀሐይዋ ኮረብታውን ስትነካ ሁለቱ በአንድ ላይ ተሰሙ። በዚያ ዜማ ውስጥ እናቲቱና ትንሿ አይደራረቡም፤ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ አትጀምርም። በአንድ ትንፋሽ ጮኹ፤ ተጎተቱ፣ ዝቅ ብለው ወረዱ። ዓሚ ኢዘዲን ዕድሜውን ሁሉ ቆርጦ ነው የነፋው።

ከዚያ ዝም።

ነፊዎቹ ለመልስ ነፉ፤ መልስ የለም። ደጋግመው ነፉ። ነገራ የሩቅ ማያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ቆሞ ቀረ፤ የሚያየው ቁጥቋጦና አቧራ ነው። በማግሥቱ፣ በሳምንቱ፣ ከማዶ የመጣውን ሁሉ ጠይቀናል። ትልቅ ጥሩምባ የተሸከመ ሽማግሌ ያየ የለም።

ጀንበር ገባች። የቀሩት ነፊዎች የሚያዛቸው ታላቅ ባይኖርም ሕጉን ያውቃሉ። ጥሩምባዎቹን እግር ለእግር አጋድመው ደርድረው፣ ለእናቲቱም ለትንሿም ቦታ ትተው፣ በልጥ ገመድ አሰሩ። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲጠብቅ ከኋላዬ የሴት ልቅሶ ተሰማ። ብኸይታ ነበረች፤ ገና አሁን ነው የተፈቀደላት።

በሰው መሃል አልፋ መጥታ ከታሰሩት ጥሩምባዎች ፊት ተንበረከከች። ነጠላውን ከደረቷ ፈታች፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ወደፊት አዞረችና መሬት አስቀመጠችው። ሕፃን አልነበረም። ክንድ የምታህል የቅል ጥሩምባ ናት። አፏ በሣር ተወትፏል፤ ሣሩ ሲገባ ለምለም እንደነበር ያስታውቃል፣ አሁን ቢጫ ሆኖ ደርቋል፣ ከንፈሯ ላይ ሸረሪት አድርታለች።

ያብስራ ምን አለች አለኝ። ገና አላለችም ነበር። ሴት መንካት እንዳልነበረባት፣ ወንድ ስላልቀረ እንደያዘችው፣ ለታላቁ በእጁ ልታስረክብ እንደመጣች ነገረችኝ፤ ታላቁ የት ነው ብላ አልጠየቀችም፣ ሲሄድ አይታለች።

"ያ ቢቲ" አለችኝ፣ "ሐምዳንን በነሐሴ ዝናብ ቀብረነዋል። ይቺ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጀርባዬ አልወረደችም።"